ስማቸው ያልተጻፈላቸው ባለሙያዎች

ይህችን መጽሔት ካርቱም ላይ በእጅ ስንገለብጥ የገልባጩን ስም ከግርጌ እናሰፍራለን። በአሜሪካው አታሪ ኩባንያ ግን የመጫወቻ አዳራሾችን ጨዋታ ወደ ቤት ቴሌቪዥን ያሸጋገሩት ባለሙያዎች ስማቸው በማሸጊያው ላይ አይገኝም ነበር። ፈልገን ካገኘናቸው መካከል ስፔስ ኢንቬደርስን በ1980 እ.ኤ.አ. ያሸጋገረው ሪክ ማውረርና ፓክማንን በ1982 ያሸጋገረው ቶድ ፍራይ ይገኛሉ። መሣሪያው የነበረው የትውስታ ቦታ 128 ባይት ብቻ ነው፤ ባንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሳቸው ሥዕሎችም ጥቂት ስለነበሩ ፍራይ አራቱን መናፍስት በየተራ ሣላቸው፤ ብልጭ ድርግም ይላሉ ተብሎም ተወቀሰ። (እኛስ አንፈርድበትም።) በ1979 አራት ባለሙያዎች ስማችንና ድርሻችን ይታወቅልን ብለው ወጡና ከሌሎች ጋር አክቲቪዥንን አቋቋሙ። ዋረን ሮቢኔት ግን ስሙን አድቬንቸር በተባለው ጨዋታው ውስጥ፣ በድብቅ ክፍል ቀበረው፤ አለቆቹ የሰሙት እርሱ ከለቀቀ በኋላ፣ አንድ ታዳጊ በጻፈላቸው ደብዳቤ ነው።