ከመርከቧ ይልቅ ትምህርት ቤቱ

ሮበርት ስሞልስ ሲነሳ የሚወራው ስለዚያች ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1862፣ አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ተከፍላ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ እያለች፣ ነጮቹ መኮንኖች ለአዳር ወደ ከተማ ወጥተው ነበር። በባርነት መሪ የሚዘውረው የ23 ዓመቱ ስሞልስ “ፕላንተር” የተባለችውን መርከብ ሊነጋ ሲል ከቻርለስተን ወደብ አስነሳት። ሚስቱንና ልጆቹን በመንገዱ ጫነ። የካፒቴኑን ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አቋቋሙንም አስመስሎ፣ በፎርት ሰምተር ምሽግ ሥር ሲያልፍ የተለመደውን የፊሽካ ምልክት ሰጠ። ዘቦቹ አሳለፉት። ከመድፍ ክልል እንደወጣ የደቡቦቹን ባንዲራ አውርዶ ነጭ አንሶላ ሰቀለና መርከቧን ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከበ።

ጀግንነቱ አያከራክርም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነጋዴና እንደራሴ ነው።

በትውልድ ከተማው በቦፎርት፣ እናቱ በባርነት ያገለገለችበትን የጌታውን ቤት በግብር ዕዳ ጨረታ ገዛ፤ የተወለደው ከዚያው ቤት ጓሮ ባለች ጎጆ ነበር። በ1866 ሪቻርድ ግሊቭስ ከተባለ ነጋዴ ጋር ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የሚሆን ሱቅ ከፈተ። ትናንት ራሳቸው ይሸጡ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ በገዛ ገንዘባቸው ከወገናቸው ሱቅ ይሸምቱ ጀመር።

ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሳውዝ ካሮላይና በሕግ የተከለከለ ነበር። ስሞልስም ማንበብ የተማረው ጎልማሳ ሆኖ ነው። በ1868 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ለጉባኤው ይዞ የቀረበው ሐሳብ ከዚሁ ቁጭት የመነጨ ይመስለኛል፦ ለማንኛውም ወገን ልጅ ያለ ክፍያ ክፍት የሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቋቋም አለ። ሕገ መንግሥቱም ነፃ ትምህርትን ደነገገ። አንዲት መርከብ ጥቂት ነፍስ ታወጣለች፤ ይህ አንቀጽ ግን ገና ላልተወለዱትም በር ከፈተ። ስሞልስ በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል፣ በ1870 ሴናተር ሆነ፤ በኋላም እስከ ዋሽንግተኑ ኮንግረስ ዘለቀ።

በ1895 የነጮች የበላይነት አቀንቃኞች ጥቁሮችን ከምርጫ ለማግለል አዲስ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ስሞልስ በጉባኤው ተገኝቶ ተሟገተ፤ ተሸነፈ፤ አልፈርምም አለ። በ1915 ቦፎርት ውስጥ አረፈ። የተነጠቀውን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው የፌዴራል ሕግ የጸደቀው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው።