ወሬውና ጭነቱ፦ የኤፍቲፒ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1971 ኤምአይቲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሕንዳዊው አብሃይ ቡሻን፣ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ሥርዓት ጽፎ ለባልደረቦቹ በተነ። ዛሬ ኤፍቲፒ የምንለው ከዚያች ጽሑፍ የተወለደ ነው። ሥራው ከባድ ነበር፤ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት የተገናኙት ማሽኖች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዱ በ36 ቢት ያስባል፣ ሌላው በ32፤ ፊደል የሚመዘግቡበት ኮድ እንኳ ይለያያል። ቡሻን ማሽኖቹን እንዳሉ ትቶ የሚግባቡበትን ደንብ ሰጣቸው።

በዚህ ሥርዓት እጅግ የምወደው ወሬውንና ጭነቱን መለየቱን ነው። በ1985 በወጣው፣ እስካሁን መሠረት በሆነው ደንብ፣ ትእዛዝ የሚሄደው በ21 ቁጥር ፖርት ነው። ተጠቃሚው ስሙን ይልካል፤ ሰርቨሩ 331 ካለ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ነው፣ 230 ካለ አስገብቶታል፣ 550 ካለ ፋይሉን አይሰጥም። ፋይሉ ራሱ ግን በዚያ መስመር አያልፍም፤ ሌላ መስመር ይከፈትለታል፣ አልቆ ሲገባ ይዘጋል። መጀመሪያ ይህን መስመር የሚከፍተው ሰርቨሩ ነበር። ከውጭ የሚመጣን ጥሪ የሚያግድ ፋየርዎል ሲበዛ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚከፍትበት "ፓሲቭ" ተለመደ።

በስልክ መስመር ኢንተርኔት እንጠቀም ለነበርን የአዲስ አበባ ቴክኒሻኖች ትልቁ በረከት "ሬስት" የተባለው ትእዛዝ ነበር። መስመሩ ሲቆረጥ፣ ሰርቨሩ ካቆመበት ባይት ይቀጥላል፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ፋይል ጠዋት ከዜሮ አይጀመርም። ለጀማሪ ደግሞ አስቀድመን የምናስተምረው፣ ፋይሉ ባይቱ ሳይነካ እንዲወርድ "ቢን" ብሎ መጻፍን ነው። በጽሑፍ ስልት የወረደ የግዕዝ ፎንት ውስጡ ያሉት ባይቶች እንደ መስመር ማብቂያ ተቆጥረው ሊለወጡ፣ ፎንቱም ሊበላሽ ይችላል።

ያኔ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለማንም ክፍት ያደርጉ ነበር። "አኖኒመስ" ብሎ የገባ፣ በይለፍ ቃል ፋንታ ኢሜይሉን ጽፎ፣ ያሻውን ይወስዳል። ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 የጻፈውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያኖረው ፊንላንድ ውስጥ እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። እሱ "ፍሪክስ" ሊለው አስቦ ነበር፤ የሰርቨሩ ኃላፊ አሪ ለምኬ ግን ማህደሩን "ሊኑክስ" አለው።

ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ይልካል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት የድር ማሰሻዎች በ2021 እሱን ማስወጣታቸውን ስለዚህ አልቃወምም። ለሁሉም የተከፈተ ማህደር ግን የሚደበቅ የይለፍ ቃል የለውም፤ የጂኖም መረጃ የሚያከማቹ ተቋማት ዛሬም ፋይሎቻቸውን በኤፍቲፒ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጣሉ።