እናቴ ያስመለሰችኝ ጣውላ

አናጢ ነኝ። ጮሌ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ መጋዝ ጎትቻለሁ። ስለ ዛፍ የሚናገር ብዙውን ጊዜ ተካዩ ወይም ሰባኪው ነው፤ እኔ የምናገረው ከቆራጩ ወገን ሆኜ ነው። የአገሬን ታሪክ የማውቀውም በእንጨት ነው። የአንድ ቤት ወጋግራ በመሮ ጫር አድርጌ ካሸተትሁ ቤቱ መቼ እንደተሠራ አይጠፋኝም። በንጉሡ ዘመን የቆመው ጽድ ጽድ ይላል። በደርግ ጊዜ የቆመው ድብልቅ ነው፤ ምሰሶው ጽድ፣ ማገሩ ባህር ዛፍ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ከላይ እስከ ታች ባህር ዛፍ ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ምስጥ ይገባበታል፣ ባለቤቱም ተመልሶ ወደኔ ይመጣል። እንጀራዬ ነውና አላማርርም።

ጽዱ ግን የት ሄደ ያለኝ ሰው ካለ በጣቴ የማሳየው ቦታ ሁለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጽርና ከእሱ ማዶ ያለው የሙስሊሞች መካነ መቃብር። በሁለቱ መሐል ያለው መሬት ገብስና ስንዴ ነው። ከሩቅ ሲታዩ እርሻው ውስጥ የተረሱ ሁለት ጥቁር ጥፍጥፎች ይመስላሉ። የተረሱ ግን አይደሉም። ባይታወሱ ኖሮ እኔና መሰሎቼ ድሮ በጨረስናቸው ነበር።

የአባቴ አያት በ1870ዎቹ ከራስ ዳርጌ ጦር ጋር ከሸዋ የመጣ ሰው ነው። የእናቴ ወገን አርሲ ነው፤ ያ ጦር የወጋው አገር ልጅ። ጦርነቱ ዓመታት የፈጀና መራራ እንደነበር ከሁለቱም ወገን ሰምቼ አድጌያለሁ፤ አንዱ ወገን ሲፎክር፣ ሌላው ዝም ሲል። ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ሰዎች እንደ ወጋቸው ታቦት ተከሉ። ሰበካችን የዚያ ዘመን ነው።

በሰሜኑ አገር፣ በጎጃምና በጎንደር፣ ብዙ ደብር በመቶ የሚቆጠር ዓመት ያለው ስለሆነ ዛፉና ቤተ ክርስቲያኑ አብረው ያረጁ ናቸው። ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል። ሸዋ ላይ የመናገሻውን ጽድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እንግዲህ እዚያ ታሪኩ ቀላል ነው፤ ንጉሥ አዘዘ፣ ካህን ጠበቀ። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. ክረምት፣ ከቅጽሩ ምሥራቃዊ ማዕዘን አንድ ትልቅ ጽድ ነፋስ ጣለው። ሕጉ የታወቀ ነው። እርጥብ አይቆረጥም። የወደቀ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ይውላል፤ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለቤተልሔሙ ጣሪያ። የደረቀ ቅርንጫፍ ለንግሥ ቀን ጠላ መጥመቂያና ለዝክር ይማገዳል። ከዚህ ያለፈ ግዝት ነው። ቄሰ ገበዙ እኔንና አንድ ረዳቴን ጠርተው እንድንሰነጥቀው አዘዙን። ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ሦስት ቀን ፈጀብን። ግንዱን ከሥሩ ላይ ቆርጠን ስናየው እንደ አተር ሽሮ የቀላ ልብ ነበረው። ቀለበቱን በምስማር ጫፍ እየነካሁ መቁጠር ጀመርሁ። ከ300 ስዘል ተውሁት። እኛ ዘንድ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት አበጅቶ ሊሆን ይችላል። በግማሽ ላካፍለው፤ 150 ይሆናል። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዛፉ ታቦቱን ተቀብሎታል እንጂ ታቦቱ ዛፉን አልተከለውም።

ይህን ለእናቴ አባት ነገርኋቸው። አልገረማቸውም። «ከኛ አባቶች ጀምሮ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ ነበር» አሉኝ። ድርቅ ሲሆን ሴቶች ስንቄ የሚባለውን የክብር በትራቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው የሚለምኑበት ቦታ እንደነበረም አከሉ። ታቦት ይዘው የመጡት ሰዎች ከፍ ያለ ቦታና የተከበረ ጥላ ፈለጉ፤ አገሬው አስቀድሞ ያከበረውን አገኙና ገቡበት። አያቴ ይህን ሲናገሩ ቂም ነበረባቸው ብል እውነት ነው። ነገር ግን ወዲያው «ደግ አደረጉ፤ ሌላ ቢገባበት ኖሮ ያርሰው ነበር» አሉ።

ወደ ጣውላው ልመለስ። ጽዱን ሰንጥቀን ስንጨርስ አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን ቁራጭ ተረፈች። ለበሩም ለመስኮቱም አጭር ነበረች። በመላጊያ ባለሰልሳት የብርሌ መደርደሪያ ትሆናለች ብዬ ከመሣሪያዬ ጋር ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዣት ገባሁ። እናቴ ከምድጃው ሳትነሣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከወደቀው ግንድ የተረፈ ቁራጭ ነው፣ እማዬ።»

«ማን ሰጠህ?»

«ማንም። ለምንም አይሆንም እኮ።»

«ወዩ ነው ልጄ። ሳይመሽ መልሰው።»

እናቴ የተጠመቀችው አባቴን ስታገባ ነው። ግዝት የሚለውን ቃል አልተጠቀመችም። ያለችው በአባቷ ቋንቋ ነው። ወዩ ማለት በአርሲ ዘንድ የተከበረ፣ እጅ የማይሰነዘርበት ማለት ነው፤ አማት ወዩ ናት፣ ስንቄ የያዘች ሴት ወዩ ናት፣ አንዳንድ ዛፍም ወዩ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁና ስለ ክርስቲያን ሕግ እሷ ምን አገባት ብዬ በሆዴ አጉረመረምሁ። መልሼ ሳስበው የገባኝ፣ ሕጉን ከኔ ቀድማ ታውቀው እንደነበረ ነው። ከማዶው መካነ መቃብር ጭራሮ የለቀመች ሴት ቤቷ አይሞቅም እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ መንገደኞች በዚያ ጽድ ሥር ባላ ዘንጋቸውን አስደግፈው ሲያርፉ ውሃ ያቀርቡ ነበር። ከተከልኸው ዛፍ ወፍ እንኳ ብትበላ ሰደቃ ነው የሚለውን የነቢዩን ትምህርት ከአፋቸው አይነጥሉም ነበር። አንዱ ወዩ አለው፣ አንዱ ሰደቃ፣ አንዱ ግዝት፤ መጥረቢያው የሚቆመው ግን ያው እዚያው ላይ ነው። ጣውላዋን በጨለማ መለስኋት።

ያ ሕግ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበረ ያየሁት በሚቀጥሉት ዓመታት ነው። በ1978 እና በ1979 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ አርሲ ላይ ዘመተ። ተበታትኖ የኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በተወጠረ ገመድ ልክ በረድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ግማሹ እንጨት ይሰበራል። ስለዚህ አዲስ እንጨት ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜ ያህል ሠርቼም ደክሜም አላውቅም። ከየሸለቆው የተረፈው ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትና ወይራ ቋሚና ማገር ሆኖ አለቀ። ልጄ ኋላ ላይ እንደነገረችኝ፣ በዚያው በ1979 ዓ.ም. መስከረም በጣሊያን አገር አሲዚ በምትባል ከተማ የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድ፣ የሂንዱና የቡድሃ ሃይማኖት ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ እምነት ፍጥረትን ስለመጠበቅ የራሱን ቃል አውጥቶ ነበር። እኛ አልሰማንም። ብንሰማም መዶሻ በእጃችን ነበር።

ሆኖም ወደ ቅጽሩ የገባ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን መሬት በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ከተወረሰ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ካህናቱ የቀራቸው ያ ቅጽር ነበር፤ ጥበቃ የሚሆን ዘበኛም መሣሪያም አልነበራቸውም። እግዚአብሔር የለም እያለ በስብሰባ የሚያስተምረን አንድ ሰው ነበር። መጥረቢያውን በቀኝ ትከሻው ይዞ ሲመጣ በቅጽሩ በር ዘንድ ሲደርስ ወደ ግራው ያዞረው ነበር፤ ስለቱ ወደ ዛፉ እንዳይመለከት። በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም እንዳየሁት ያውቃል።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ሰዉ መንደሩን ጥሎ ወደ ዱሮ ቀዬው ተመለሰ። ቤት እንደገና ፈረሰ፣ እንደገና ተሠራ፣ እንደገና እንጨት አለቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ደግሞ የማኅበር ደን የሚባለው ሁሉ ባለቤት አጣ። በዘመቻ የተተከለው በጥቂት ወራት ሌሊት ተጋዘ። አልዋሽም፤ እኔም በሌሊት የመጣ አጣና ገዝቻለሁ፣ ከየት ነው ብዬም አልጠየቅሁም። ያ ደን የመንግሥት ነበር፤ መንግሥት ሲሄድ አብሮ ሄደ። ቅጽሩና መካነ መቃብሩ ግን የቆሙት በመንግሥት አልነበረምና መንግሥት ሲሄድ አልወደቁም።

በ1984 ዓ.ም. አርባ ጉጉ ላይ ሰው በሰው ሲነሣ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ሲፈራሩ፣ የሆነውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። ጮሌም ያኔ የዚያው አውራጃ ወረዳ ነበረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በሁለቱ ጥቁር ጥፍጥፎች መሐል ያለው መንገድ ረጅም ሆኖብን ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላው ጎን። ሕጉ መጥረቢያን ያውቃል እንጂ ላምን አያውቅም። ማንም ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ ደኑ በውስጡ ሲያረጅ እኛ አላየንም። ትላልቆቹ ጽዶች ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ሆነ። መሬቱን ያጡት ካህናትም ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ ብለው በባዶው ቦታ ባህር ዛፍ ተከሉ። አልፈርድባቸውም። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ማገዶና ቤት ያጣ አገር አውጥቷል፤ አሰላ ላይ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ኋላም በ1968 ዓ.ም. ወደ መላው አርሲ የሰፋው አርዱ ሥራ ሲጀምሩ ገበሬው ባህር ዛፍን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ነገር ግን ባህር ዛፍ የጽድን ቦታ አይሞላም።

ደኑ ተተኪ እንዳጣ ያሳየችኝ ወንዶ ገነት ስለ ደን የተማረችው ልጄ ናት። «እመጓ»ን የጻፈው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከደራሲነቱ በፊት የደን ተመራማሪ መሆኑን ከእሷ ነው የሰማሁት። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንቷል። ከብት እንዳይገባ የተከለለው ቦታ ላይ ችግኝ ራሱ እንደሚበቅል፣ ያልተከለለው ላይ ግን ዘሩ ቢወድቅም እንደማያድግ አሳየ። እዚያ ገበሬዎቹ ከየእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው ቅጽሩን በካብ አጠሩት፤ እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት። «አባዬ፣ ጽድ ወንድና ሴት አለው። ወፎቹ ፍሬውን ከሴቷ ወስደው ይዘሩታል። የጎደለው አጥር ብቻ ነው» አለችኝ። አርባ ዓመት ጽድ የሰነጠቅሁ ሰው ወንድና ሴት እንዳለው አላውቅም ነበር።

እኛም ካቡን የጀመርነው በሰንበቴ ማኅበራችን ነው። ድንጋዩ ያለው ግን ከማዶ ባለው እርሻ ነበር፤ የእናቴ ወንድም ልጆች እርሻ። ፈቃድ ልጠይቅ ሄድሁ። ፈቀዱ፤ በማግሥቱም በአህያ ጭነው ራሳቸው አመጡት። የቅጽሩ ካብ ሲያልቅ እኛ ደግሞ ወደ መካነ መቃብሩ ተሻገርን። ንግግር ያደረገ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ድንጋዩን እያስተካከሉ «መንገዱ አጠረ» አሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኛም አካፋ ይዘን ወጥተን ነበር፤ ቄሱም ኢማሙም ጭቃ በጭቃ ሆኑ። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ከብት መመለስ የየቀን ሥራ ነው። በካቡ ውስጥ ማንም ያልተከላቸው፣ ወፍ የዘራቸው ጽዶች ዛሬ ጉልበቴ ደርሰዋል። በጽድ ዕድሜ ይህ ገና ክርስትና አለመነሣት ነው። ለምሰሶ ሲበቁ የልጅ ልጄም ላያያቸው ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ መጥረቢያ ይዞ በበሩ የሚያልፍ ሰው ትከሻ ይቀይር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ለልጅ ልጆቼ ካቡን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም የምነግራቸው፣ በእናቴ ቋንቋ።

ባለፈው ዓመት የዕቃ ቤቱን በር ልጠግን ገብቼ ነበር። ከግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን መደርደሪያ አየሁ፤ ጧፍና ዕጣን ተቀምጦባታል። ሌላ አናጢ ነው የመታት፤ ምስማሩ ጠማማ ነው። ማንም ሳያይ ጠርዟን በጥፍሬ ጫር አደረግሁ። ዛሬም ትሸታለች።