የተከፈለችው ኢየሩሳሌምና የማንደልባውም በር ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ቅድስት ከተማ ለሁለት በተከፈለች ጊዜ በኢየሩሳሌም ያሉ የኢትዮጵያ መነኮሳት እንዴት እንደ ወጡና እንደ ገቡ እንጽፋለን።

በ1941 ዓ.ም. ኅዳር 21 ቀን የእስራኤሉ አዛዥ ሞሼ ዳያንና የዮርዳኖሱ አዛዥ አብዱላህ ኤል ቴል በአንድ ካርታ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ዳያን በአረንጓዴ፣ ኤል ቴል በቀይ እርሳስ። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ነበር፤ ምስጢሩን እርሷ ታውቃለች። የእርሳሱ ጫፍ ወፍራም ነበርና ቤቱም መንገዱም ከመስመሩ ውስጥ ቀረ፤ የማን እንደ ሆነም ባለቤት ጠፋለት። በመጋቢት 25 ቀን ሁለቱ መንግሥታት ውሉን ፈረሙ።

ቤታችንም ተከፈለ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ ከእስራኤል ወገን ሆነ፤ በጎልጎታ ሰገነት ላይ ያለው የዴር ሡልጣን ገዳም በምሥራቅ ከዮርዳኖስ ወገን ሆነ። ቀድሞ ሰው ወጥቶ ለቅዳሴ የሚደርስበት መንገድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ።

ማለፊያው ማንደልባውም በር ይባል ነበር፤ መዝጊያ ግን አልነበረውም። እሾህ ሽቦ፣ የሲሚንቶ መሰናክል፣ ከወዲህና ከወዲያ ዘበኛ ነበር። አላፊው ወረቀቱን ለአንዱ ዘበኛ ያሳይ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ምድር በእግሩ ያቋርጥ፣ ለሌላው ደግሞ ያሳይ ነበር። ካህናት፣ ቆንስሎችና የተባበሩት መንግሥታት ሹማምንት ያልፉ ነበር። ያገሩ ሰው ግን ማለፍ አይሆንለትም ነበር፤ ሆኖም በእስራኤል ወገን ለቀሩት ዐረብ ክርስቲያኖች ለልደት በዓል ይፈቀድላቸው ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የናፈቁትን ዘመድ ሳይጠግቡት ይመለሱ ነበር።

በነዚያ ዓመታት በወሰኑ ዳር ባለው ሕሙማን ቤት አንዲት በሽተኛ በመስኮት ስትስል ሰው ሠራሽ ጥርሷ ባዶው ምድር ላይ ወደቀ። ነጭ ባንዲራ ተይዞ፣ መኮንን ከደናግል ጋር ገብቶ ተፈለገ። ተገኘም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የቀረው ዘመን ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ስለ ሆነ አልተጻፈም። በ1953 ዓ.ም. የዮርዳኖስ መንግሥት እውነቱን መርምሮ የዴር ሡልጣንን ቁልፍ ለባለቤቶቹ ለኢትዮጵያውያን ሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ውሳኔው ተሻረ፤ ቁልፉም ቦታው የእኛ ነው ወደሚሉት ወደ ግብፃውያን መነኮሳት ተመለሰ።

በ1959 ዓ.ም. ግንቦት 30 ቀን እስራኤላውያን አሮጌውን ከተማ ያዙ፤ መሰናክሉም ተነሣ፣ ወንድሞችም ያለ ወረቀት ተገናኙ። ዴር ሡልጣን ግን ገና ሌላ ወሰን ነበረበት። በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብፃውያኑ በጌታ መቃብር ለጸሎት ሳሉ፣ አባቶቻችን የአርባዕቱ እንስሳንና የቅዱስ ሚካኤልን ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ለወጡ። ፖሊሶችም አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ የከለከለ አልነበረም። በማለዳ ደስታ ሆነ፤ ሽማግሌውም ወጣቱም የመዝጊያዎቹን ደፍ ሳሙ፤ ብዙ ዓመት በሰው ቁልፍ የተዘጋባቸውን ቤት በገዛ እጃቸው ከፍተው ገቡ። ግብፃውያኑ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ቁልፉ ለግብፃውያኑ እንዲመለስ በየነ፤ ፍርዱ ግን አልተፈጸመም። ቁልፉ በኢትዮጵያውያን እጅ ነው።