ያገለገሉ ዕቃዎችን በኢንተርኔት ሲሸጡ ከሐሰተኛ ገዢዎች ስለመጠንቀቅ

ያገለገለ ስልክ ወይም የቤት ዕቃ በቴሌግራም አልያም በፌስቡክ አስተዋውቀው ሲሸጡ፣ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ሳያረጋግጡ ዕቃውን አያስረክቡ።

ሐሰተኛ ገዢ ብዙውን ጊዜ ዋጋ ሳይከራከር ይስማማል፤ ዕቃው በሌላ ሰው እንዲላክለት ያጣድፋል፤ የተቀነባበረ የደረሰኝ ምስል ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ይልካል። አንዳንዱም «በስሕተት ትርፍ ልኬያለሁ፤ ልዩነቱን ይመልሱልኝ» ይላል።

ስለሆነም፦

• ቀሪ ሒሳብዎን በባንክዎ መተግበሪያ፣ ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ደግሞ በ*127# ይመልከቱ፤
• ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ስለማያስፈልግ ለማንም አይስጡ፤
• ርክክቡን በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ይፈጽሙ።

ከተጭበረበሩ የመልእክት ልውውጡንና የደረሰኙን ምስል ሳያጠፉ ለባንክዎ ያሳውቁ፤ በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያም ወዲያውኑ ያመልክቱ።