ከወገብ መርፌ ወደ ጀርባ መርፌ

የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዐድዋን ቁስለኞች ለማከም በ1888 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሰው ሳይተኛ ከወገቡ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ገና አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በነሐሴ 1890 ዓ.ም፣ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በኪል ከተማ የአንድ ሕመምተኛን አከርካሪ ወግቶ ኮኬይን ሰጠ። ከቀናት በኋላ በራሱ ሊሞክረው ቢል ስሪንጁና መርፌው አልገጥም አሉ፤ ተራው የረዳቱ የሂልደብራንት ሆነ። ቅልጥሙን በመዶሻ ቢመቱት አልተሰማውም። ራስ ምታቱ ግን ኋላ ሁለቱንም አልማራቸውም።

ዛሬ ያ መርፌ በአገራችን በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች የተለመደ ነው። ጀርባው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ብዙም አልተጠቀመበትም። መርፌው እግርን አብሮ ያደነዝዛል፤ የአከርካሪ ሐኪም ደግሞ ሕመምተኛው እንደነቃ አስቀድሞ የሚያየው የእግሩን ጣቶች መንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ለሞርፊንና ለመሰሎቹ ተተወ። እነሱ ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ያስታውካሉ፣ ሲበዙም ትንፋሽ ያዳክማሉ።

መፍትሔው ከመቶ ዓመት በላይ ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊልያም ሃንድና ባልደረቦቹ፣ በ2016 ደግሞ ማውሪሲዮ ፎሬሮና ባልደረቦቹ አዲስ መንገድ ጻፉ። የፎሬሮ መርፌ መጀመሪያ የታሰበው ለደረት ነርቭ ሕመም ነበር፤ ኋላ ግን ለጀርባ ቀዶ ሕክምናም ዋለ። በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ በሚይዘው ጡንቻና በአከርካሪው የጎን አጥንት መካከል ማደንዘዣ ይፈስሳል። መድኃኒቱ የጀርባን ነርቮች ያደነዝዛል፤ የእግር ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል። በእኔ ግምት ከቢር ወዲህ ለጀርባ ቀዶ ታካሚ የተገኘ ትልቁ እፎይታ ይህ ነው።

በአዲስ አበባ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በአማራ ክልል የኦሮሚያ ዞን ከተማ የሆነችው ከሚሴ ግን ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አከርካሪውን ተሰብሮ ለቀዶ ሕክምና እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ የዞኑ ገበሬ ከቀዶው በኋላ ሕመሙ ካልታገሠለት ተነሥቶ መራመድ ያቅተዋል፤ ያልተራመደ ደግሞ ሳንባው ሊታመም፣ ደሙም በእግሩ ሊረጋ ይችላል።

ለዚህ መርፌ የሚሆነው ማደንዘዣ ቡፒቫኬን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የታወቀ መድኃኒት ነው። ፅንስ የሚታይበት አልትራሳውንድም ጡንቻን ያሳያል። የጎደለው የሠለጠነ እጅ ነው፤ የሰመመን ባለሙያዎቻችንን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ይህን መርፌ አስተምሯቸው።