ጥላ ስንት ያወጣል?

አካባቢን ሳይጎዱ መኖር ለኪስ ያዋጣል ወይ? ጥያቄው በሩቅ ከተሞች ሲነሣ ስለ ፀሐይ ኃይል መብራት፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ቤት ማሞቂያ ነው። በይርጋጨፌ ግን ጥያቄው ዛፍ ነው። ዋንዛውን ገንድሶ ጣውላውን መሸጥ ይሻላል ወይስ ቆሞ ከሥሩ ያለውን ቡና እንዲያጠላ መተው? እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ሁለቱንም ቆጠራ ይዤ ወደዚህ ጥያቄ ብመጣ አንባቢ አይታዘበኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጓሮው እንጀምር። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚወጣ መንገደኛ ግራ ቀኙን ደን መስሎት ያልፋል። ደን አይደለም፤ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ኮርች፣ ሾላ፤ ከእነርሱ ሥር እንሰት፤ በእንሰቱ መካከል ቡና፤ ከሁሉም በታች ጎደሬና ጎመን። ብርብራው ቅጠሉን እያረገፈ አፈሩን ይመግባል፤ የእንሰቱ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፤ ሥራሥሩ ደግሞ ያንን ገደል የመሰለ ቁልቁለት አቅፎ ያኖረዋል። በ1999 ዓ.ም በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ዓይነት ተዳፋት ላይ በሞፈርና በቀንበር ቢያርስ ኖሮ አፈሩ ዛሬ ዓባያ ሐይቅ ውስጥ ተኝቶ ባገኘነው ነበር። የአገሩ ልጅ የሆኑት ምሁር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ርእሳቸው ላይ አምስት ሺሕ ዓመታት ስለ ዘለቀ አኗኗር አንሥተው፣ ርእሱን በጥያቄ ምልክት ዘግተውታል። ያቺን የጥያቄ ምልክት እወዳታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጥላው ቢያፈራም ፍሬው ሁልጊዜ ለተከለው አልደረሰም። ጌዴኦ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን መሬቱ በቃላድ ተለክቶ በአብዛኛው በባለ ርስቶች እጅ ወድቆ ነበር፤ ገበሬውም ጭሰኛ ሆነ። ቡና በዓለም ገበያ ሲወደድ ባለ መሬቱ ከምርቱ የሚጠይቀው ድርሻ ይከብዳል። እንሰት ሆድን ይሞላል እንጂ ወደ ውጭ አይላክም፤ ቡና ግን ገንዘብ ነውና የጌታን ዓይን ይስባል። በ1952 ዓ.ም ይህ ግፍ ሚችሌ ላይ ፈነዳ። ገበሬው ጦርና ገጀራ ይዞ ጠመንጃ ከያዘ ወገን ጋር ገጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የሚችሌን ታሪክ የፖለቲካ ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሒሳቡን ይስታል እላለሁ። ዛፍ ተክሎ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው መሬቱ በዚያን ጊዜ የማን እንደሚሆን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ ለጌዴኦ ገበሬ የዛፉን ጥላ ከነፍሬው የመለሰለት ያህል ነበር፤ ምንም እንኳ መሬቱ የመንግሥት ቢባል።

ቀጥሎ የመጣው ጌታ የኒውዮርክ ገበያ ነው። የቡና ላኪና ገዢ አገሮችን ያስማማው የኮታ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም ከፈረሰ በኋላ ዋጋው እንደ ዥዋዥዌ ሆነ። በ1989 ዓ.ም ግንቦት ላይ አንድ ፓውንድ ቡና ከሦስት የአሜሪካ ዶላር በላይ አወጣ፤ በ1994 ዓ.ም መግቢያ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በሌላ አገር በቡና ብቻ የሚኖር ሰው እርሻውን ጥሎ ከተማ የገባበት፣ ተክሉን ነቅሎ ጫት ያበቀለበት ዓመት ነው። የጌዴኦ ገበሬም ተጎድቷል፤ ልብስ፣ ጨው፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ ሕክምና ሁሉ ከቡና ነውና። ነገር ግን ቆጮው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛነቴ ትንሽ ያስተምረኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር እሸት ቡና ሲለቀም መስኮቴ ፊት ሰልፍ ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ የቁጠባ ደብተሩ ይሟጠጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደብተሩን ብቻ ያየ ሰው ባለቤቱ የከሰረ ይመስለዋል። ባለቤቱ ግን በዚያው ሰሞን እንሰቱን ነቅሎ ይፍቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያብላላል፣ ቤተሰቡን ይመግባል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በተፈለገ ጊዜ ይነቀላል፤ ድርቅንም ይችላል። ወለድ የማይታሰብበት፣ ሠልፍ የሌለበት ተቀማጭ ነው። ያልተገዛ እህል፣ ያልተገዛ ማዳበሪያ፣ በጎርፍ ያልተወሰደ አፈር ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን በእኛ መዝገብ ውስጥ ገቢና ወጪ እንጂ «ያልወጣ» የሚባል ዓምድ የለም። አረንጓዴ አኗኗር አያዋጣም የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው ይህ ዓምድ በሌለበት ወረቀት የሚደምሩ ናቸው።

በተቃራኒው የሚቀርበውን ክርክር ግን አልሸሽም። ጥላ የሌለው የብራዚል የቡና ማሳ በማሽን ይለቀማል፤ በሄክታር የሚሰጠው ምርት የእኛን ጓሮ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ውርጭ ያንን አገር ሲመታ፣ ከዚያም ድርቁ ሲደጋገም፣ የዓለም ዋጋ ወደ ላይ ተስፈነጠረ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም ፓውንዱ ከአራት ዶላር አለፈ። ያኔ ብዙዎች «አያችሁ፣ የጥላ ቡና አሸነፈ» አሉ። ውርጭ በእኛ ደጋማ ቡና ላይ የዚያን ያህል አይበረታምና ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ከዚህም ሌላ የእኛም እጅ ንጹሕ አይደለም፤ ይርጋጨፌን በዓለም ያስጠራው የታጠበ ቡና ነው፤ የእሸቱ ልጣጭና እጣቢው ከማጠቢያ ጣቢያ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ከታች ውሃ ለሚቀዳው ሰው የሚተርፈው ሽታ ነው። ያም ወጪ ነው፤ የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው።

ዝናው ራሱ ስንት ያወጣል? በ1997 ዓ.ም መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ሙግት በሰኔ 1999 ዓ.ም በስምምነት አለቀ። የአንዲት ትንሽ ወረዳ ስም በውቅያኖስ ማዶ ጠበቃ አቆመ። ገበሬዎቹም በ1994 ዓ.ም፣ በዚያው በክፉው ዓመት፣ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንን መሥርተው በተፈጥሮ ዘዴ የመመረትና የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ያዙ። የሚያስቀው ነገር፣ አባቱም አያቱም ፀረ ተባይ ገዝቶ የማያውቅ ሰው አለመግዛቱን ለማስመስከር ገንዘብ መክፈሉ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በግንቦት 2000 ዓ.ም ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ግዢዋን ገታች። ምርመራው በኋላ ያመለከተው ወደ ጆንያው ነበር። ቡናው ንጹሕ፣ ጆንያው የተበከለ! ከወራት በኋላ ደግሞ የቡና ግብይት ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከዩኒየኖች ውጭ የሚሸጠው ቡና በደረጃና በአካባቢ እየተደባለቀ የአንዱ ጓሮ ቡና ከሌላው የማይለይ ሆነ። ዛፉን ያቆመውና ዛፉን የቆረጠው በአንድ ክምር ገቡ። በ2009 ዓ.ም ሕጉ ተሻሽሎ የቡናው ምንጭ እንዲታወቅ በር እስኪከፈት ድረስ፣ ጥላ መጠበቅ በገበያው ላይ አንዲት ሳንቲም የሚጨምርበት መንገድ ጠባብ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከትክል ድንጋዮቹና ከተከበሩት ደኖች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስ ብሎኛል፤ በዚያ ሰሞን ግጥምም ጽፌአለሁ። ሆኖም ቅርስ የተባለው ጓሮ ነገ ለአራት ወንድማማቾች ይከፈላል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ሲጠብ ዋንዛው ቦታ የያዘ ሥራ ፈት መስሎ ይታያል። በደጋው ባሕር ዛፍ፣ በቆላው ጫት እየገባ ነው፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በእጅ በእጅ ነው። ይህን የሚያደርገውን ወጣት ልወቅሰው አልችልም፤ የቡናን ዋጋ ልዋዠቅ እርሱ አላመጣውም፤ «ያልወጣ» የሚለውን ዓምድም ማንም አላሳየውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ወረቀት እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም ወዲህ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው አይገባም፤ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ለጌዴኦ ገበሬ ነጥቡን ማሟላት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ የእርሱ ጓሮ ደግሞ አንድ ሄክታር እንኳ የሚሞላው ከስንት አንድ ነው። ነጥቧን ለመያዝ ግን ቤት ለቤት የሚዞር ሰው፣ ስልክ፣ መዝገብና ደመወዝ ያስፈልጋል። ያልተመዘገበ ቡና እንደሚከለከል ሕጉ ይናገራል፤ ለተመዘገበው ስንት እንደሚጨመር ግን የተጻፈ ነገር የለውም።